ምዕራፍ 6፦ የቢራቢሮዋ አምስት መቶ፣ የጎሿ አንድ

መስከረም ሲጠባ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ልቡ ሁሉ ማሳው ላይ ነው። ጤፉ አረም ይፈልጋል፣ ገብሱ እሸት ሊያሳይ ይቃረባል። ከማሳው ዳር፣ ከድንበሩ ላይ ደግሞ አደይ አበባና መጭ ይፈካሉ፤ ቢራቢሮም ይወርድባቸዋል። እሷን የሚከታተል ግን ከእረኛ ልጆች በቀር የለም። ከእነዚህ ቢራቢሮዎች መካከል አንዷን በዚህ ምዕራፍ ከጎሽ ጋር ጎን ለጎን አቆማታለሁ።

ጎሽ ዛሬ በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም የለም። የቀረው በቃል ነው፤ በተረትና ምሳሌ፣ በአዳኝ ፉከራ፣ ከቆዳው በተሠራ ጋሻና ከቀንዱ በተጠረበ ዋንጫ ወሬ። ያም ሆኖ አርብ ገበያ ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ ስለ ጎሽ ቢጠየቅ የሚናገረው አያጣም። ስለ ቢራቢሮዋ የሚነግረን ሰው ለማግኘት ግን እጅግ ርቀን መሄድ ይኖርብናል። ይህ ሚዛን የተዛባ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስለ ሕይወት አሠራር ሁለቱ እኩል ያስተምራሉ፣ ሲነጻጸሩ ደግሞ ለየብቻቸው ከሚያስተምሩት የበለጠ።

መጀመሪያ ቢራቢሮዋን እንለያት። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ላያቸው ብርቱካንማ ሆኖ ጥቋቁር ምልክቶች አሉበት። የፊተኛው ክንፍ ጫፍ ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። ክንፏን ስታጥፍ የምናየው ሌላው ገጽ ቡናማና ግራጫ የተዥጎረጎረ ነው፤ ከጠርዙ አጠገብ ዓይን የሚመስሉ ትናንሽ ክቦች ተደርድረዋል። በዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቆላው፣ በጦቢያው ተክል ላይ የሚያድግ ሌላ ቢራቢሮ አለና። እሱም ብርቱካንማ ነው፣ የክንፉም ጫፍ ጥቁርና ነጭ ነው። የኋላ ክንፉ ግን ከጥቂት ነጥብ በቀር ጥርት ያለ ነው፤ አባጨጓሬ ሳለ ከጦቢያው ወተት የወሰደው መርዝም ከወፍ ይጠብቀዋል። የእኛዋ እንዲህ ያለ መርዝ የላትም።

በሳይንስ ቫኔሳ ካርዱይ ትባላለች። በ1758 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመዘገባት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። ጎሽን በ1779 የመዘገበው ደግሞ የሊኔየስ ተማሪ የነበረው አንደርስ ስፓርማን ነው፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዘልቆ ካየው በኋላ። አንድ ጎልማሳ ኮርማ ጎሽ 700 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ቢራቢሮዋ ግማሽ ግራም እንኳ አትሞላም። አንድ ሚሊዮን ቢራቢሮ ሚዛን ላይ ቢወጣ ያንን ኮርማ አያነሳውም።

ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል? አንድ የማይታለፍ ሒሳብ አለ። የአንድ ፍጥረት ቁጥር ከዘመን ዘመን ሳይጨምርም ሳይቀንስም እንዲዘልቅ፣ አንዲት እናት በዕድሜዋ ከምታፈራቸው መካከል በአማካይ ሁለቱ ብቻ አድገው ለመውለድ መብቃት አለባቸው፤ አንዱ በእሷ ምትክ፣ አንዱ በአባቱ ምትክ። ከሁለት ካነሰ ዘሩ እየመነመነ ይሄዳል፤ ከሁለት ከበለጠ ደግሞ ውሎ አድሮ ምግብና ቦታ ያጥረዋል። ሕጉ ለዝንብም ለዝሆንም አንድ ነው። ፍጥረታት የሚለያዩት ወደዚህ ሁለት በሚደርሱበት መንገድ ነው፤ መንገዱም የአካላቸውን ቅርጽ፣ ጠባያቸውን፣ ከአገር የሚፈልጉትን ነገር ሁሉ ይወስናል።

ሴቷ ቢራቢሮ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜዋ እስከ 500 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አንድ ቦታ አትከምራቸውም። አንዱን ኮሸሽላ ላይ፣ አንዱን ልት ላይ፣ ቅጠል በእግሯ እየቀመሰች አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። ከዚያ ትሄዳለች። ልጆቿን አታበላም፣ አትጠብቅም፣ አታያቸውምም። እንቁላሉ በቀናት ውስጥ ይፈለፈልና ትንሽ አባጨጓሬ ይወጣል፤ ቅጠሉን በሐር ክር አጣጥፎ በውስጡ ተሸሽጎ ይበላል። ሲጠግብና ሲያድግ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፣ በደረቅ ቅርፊትም ይሸፈናል፤ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ሙሽሬ የምንለው ደረጃ ይህ ነው። በቅርፊቱ ውስጥ የአባጨጓሬው ገላ አብዛኛው ፈርሶ እንደገና ይሠራና ክንፍ ያለው ፍጥረት ሆኖ ይወጣል። ሙቀት ካለ ከእንቁላል እስከ ክንፍ አንድ ወር ገደማ ይበቃል።

አሁን እንቁጠር። ከ500ው ግማሹ ሴት ነው እንበል። ሁሉም ቢያድጉና እያንዳንዷ ሴት እንደ እናቷ ብትጥል፣ የልጅ ልጆቹ 125,000 ይሆናሉ። ቀጣዩ ትውልድ ከ31 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ያውም በሦስት ወር ግድም። በሌላ ሦስት ወር ጋይንትን ቀርቶ ጎንደርን ሁሉ ቅጠል አልባ ያደርጉት ነበር። ይህ የማይሆነው የሚበላቸው ስለሚበዛ ነው። ጉንዳን እንቁላሉን ይወስዳል፣ ወፍ አባጨጓሬውን ይለቅማል። ጥቃቅን ተርቦችና ዝንቦች ደግሞ እንቁላላቸውን አባጨጓሬው ገላ ላይ ወይም ውስጥ ይጥላሉ፤ እጮቻቸውም ከውስጥ ሆነው ይበሉታል። በአማካይ ከ500ው 498ቱ እንዲህ ያልቃሉ። ለሰው ልብ ይህ ጭካኔ ነው። በቢራቢሮዋ ሒሳብ ግን ከመጀመሪያው የተመደበ ወጪ ነው፤ ወፉም፣ ተርቡም፣ ጉንዳኑም የሚኖሩት በዚህ ወጪ ነው።

እናት ጎሽስ? የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው አምስት ዓመት አካባቢ ሲሞላት ነው። እርግዝናዋ አስራ አንድ ወር ተኩል ያህል ይወስዳል። የምትወልደው አንድ ነው፤ ቀጣዩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ይመጣል። ዱር ውስጥ ወደ ሃያ ዓመት ብትኖር እንኳ በዕድሜዋ ሰባት ስምንት ጥጃ ብትወልድ ነው። ከእነዚያ ሁለቱ ማደግ አለባቸው። አምስት ወይም ስድስት ልታጣ ትችላለች፤ ከዚያ በላይ የምታጣው ከዘሩ ላይ ነው።

«ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች» የሚለው ተረትና ምሳሌ የአዳኝ ምስክርነት ነው። ጦር የያዘ ሰው ከጎሽ መንጋ ፊት ቆሞ ያየው ነገር፣ ሁሉም ሲሸሽ ጥጃ ያላት ዞራ መቆሟን ነው። ብቻዋንም አይደለችም። በ2004 በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ አንድ ጎብኚ የቀረጸው ቪዲዮ በዓለም ዙሪያ የታየው ለዚህ ነው፤ አንበሶች የጎሽ ጥጃ ይይዛሉ፣ አዞም ከውኃው ወጥቶ ይጎትተዋል፣ የሸሸው መንጋ ግን ተመልሶ ይመጣና አንበሶቹን በቀንድ እያነሳ እየበተነ ጥጃውን በሕይወት ያስጥላል። ለአንድ ጥጃ ይህን ሁሉ አደጋ መጋፈጥ በቢራቢሮዋ ሒሳብ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። ጎሽ ግን ሌላ መንገድ የለውም። የገዘፈው አካል፣ በኮርማው ግንባር ላይ ተጋጥሞ እንደ አጥንት ጋሻ የሚሆነው የቀንድ ሥር፣ በመንጋ መኖሩ፣ ሁሉም ያንን አንድ ጥጃ ለማሳደግ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ስለ መንጋው አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልወድም። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ሄርበርት ፕሪንስ በታንዛኒያ ማንያራ ሐይቅ አጠገብ የጎሽ መንጋዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከሰዓት በኋላ ተኝተው ሲያመሰኩ አንዳንዶቹ ይነሱና ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ ጥቂት ቆመው መልሰው ይተኛሉ። መጀመሪያ ሰውነት ማፍታቻ መስሎት ነበር። አቅጣጫቸውን እየመዘገበ ሲያይ ግን፣ ሲመሽ መንጋው ለግጦሽ የሚሄደው አብዛኞቹ ወደተመለከቱበት ወገን ሆኖ አገኘው። የሚቆጠረው የሴቶቹ እይታ ብቻ ነበር፤ የኮርማው አይቆጠርም። የት ሣር እንዳለ፣ የት ውኃ እንደማይደርቅ ለዓመታት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንዲት እናት ጎሽ ስትገደል ከመንጋው የሚጎድለው ሊወለዱ የነበሩ ጥጆች ብቻ አይደሉም፤ የአገሩ እውቀትም አብሮ ይጎድላል። የጎሽ አደን በፈቃድ በሚካሄድባቸው አገሮች አዳኝ ከመንጋ ወጥቶ ብቻውን ወደሚውለው ያረጀ ኮርማ እንዲያነጣጥር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ቢራቢሮዋ ደግሞ የምታስታውሰው አገር የላትም። ከባድ ውርጭን ተኝታ ማሳለፍ አትችልም፤ ድርቅ ቅጠሉን ሲያጠወልገውም ተሸሽጋ የምትጠብቅበት ስልት የላትም። ስለዚህ ትሄዳለች። አውሮፓውያን በጸደይ ከደቡብ ስትመጣ ለዘመናት አይተዋታል፤ በመጸው የት እንደምትገባ ግን ግራ ይገባቸው ነበር፤ እዚያው ቀርታ የምታልቅ የመሰላቸውም ነበሩ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በራዳር ሲከታተሉ መልሱ ተገኘ። የመልስ ጉዞው ዓይን በማይደርስበት ከፍታ፣ ብዙውን ጊዜ ከ500 ሜትር በላይ፣ ነፋስን ተገን አድርጎ የሚደረግ ነበር። በ2009 ብቻ 11 ሚሊዮን ያህል በጸደይ ወደ ብሪታኒያ ገብተው 26 ሚሊዮን ያህል በመጸው ወደ ደቡብ እንደወጡ ተገምቷል።

ከሰሃራ ወዲህስ? ከባርሴሎና የመጡት ሮጀር ቪላና ጌራርድ ታላቬራ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ሴኔጋልን፣ ቤኒንን፣ ቻድንና ኢትዮጵያን ዞረው ፈለጓት። ከአውሮፓ የተነሱት ሰሃራን አቋርጠው ከበረሃው በታች እንደሚራቡ ያሳየው ያ ጥናት ነው። ወራቱን ልብ በሉ። የአውሮፓ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ በእኛ ዘንድ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ አረሙ ለምለም፣ አበባው ሙሉ፣ ኮሸሽላውም ያበበበት ወቅት። ቢራቢሮዋ የምትከተለው ይህንን ልምላሜ ነው።

በ2018 ደግሞ በጸደይ ወደ ሜድትራንያን ዳርቻ የሚደርሱት ከሰሃራ በታች የተወለዱ መሆናቸው በክንፋቸው ታወቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዝናብ ውኃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀላሉና ከባዱ። የሁለቱ መጠን ከአገር አገር ይለያያል። ቅጠሉ ያንን ውኃ ይጠጣል፣ አባጨጓሬው ቅጠሉን ይበላል፣ ክንፉ ከዚያ ይሠራል። ክንፍ አንዴ ከተሠራ አይለወጥም። ስለዚህ ስፔን ወይም ሞሮኮ ላይ የተያዘች ቢራቢሮ ክንፍ ሲመረመር አባጨጓሬ ሳለች የበላችው ቅጠል በየትኛው አገር ዝናብ እንዳደገ ይናገራል። ይህን ሳስብ በጣም እደነቃለሁ፤ በአፍሪካ ምድር የዘነበ ዝናብ በክንፍ ተጽፎ ባሕር ይሻገራል።

ዙሩን በሙሉ የምትጨርስ አንዲት ቢራቢሮ ግን የለችም። ከአፍሪካ አውሮፓ ደርሶ መመለሱ እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ እስከ አስር ትውልድ ይቀባበሉታል። እናት ለልጇ መንገድ አላሳየችም፣ አብረውም አልበረሩም። ልጅ ከቅርፊቷ ስትወጣ ፀሐይን እየተመራች ትነሳለች። ጎሽ ከእናቱ የሚማረውን ቢራቢሮዋ ይዛው ትወለዳለች።

አቅሟ እስከምን እንደሆነ ያሳየው በ2013 ጥቅምት በደቡብ አሜሪካ፣ በፈረንሳይ ጊያና ባሕር ዳርቻ የሆነው ነው። ታላቬራ በአሸዋው ላይ ክንፋቸው የተበጣጠሰ የዚችው ዝርያ ቢራቢሮዎች አገኘ፤ እዚያ አይኖሩም። ዓመታት የወሰደው ምርመራ በ2024 ሲታተም ከምዕራብ አፍሪካ ተነስተው 4,200 ኪሎ ሜትር ውቅያኖስ በነፋስ እየታገዙ እንደተሻገሩ ታወቀ። ከማስረጃዎቹ አንዱ በገላቸው ላይ የተጣበቀ የአበባ ዱቄት ነበር፤ ከተገኙት ዕፅዋት አንዱ በእኛ ቆላዎች የምናውቀው ቁርቁራ ነው።

ወደ ጎሽ ልመለስ፤ የእሱ ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር የተሳሰረው በመከራ ነውና። በ1887 ምጽዋ ላይ ጣሊያኖች ለሠራዊታቸው ካስመጡት ከብት ጋር አንድ በሽታ ገባ። የእኛ አርቢዎች ደስታ ብለው የሚጠሩት ነው። ቀጥሎ እስከ 1892 የዘለቀው ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። ከአገሩ የቀንድ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል፤ በሬ ያጣ ገበሬ ማሳውን ማረስ አቃተው፣ ረሃቡም ተከተለ። ሰው የራሱን ሲቀብር የዱሩን የሚቆጥርለት አልነበረም። በሽታው ግን ጎሽን ከላም አልለየም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምሥራቅ አፍሪካን አልፎ ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ በየመንገዱ የጎሽ መንጋዎችን አርግፏል።

የእኛ በሬ የጎሽ ልጅ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። የቤት ከብት አያት ኦሮክስ የሚባለው ሌላ የዱር ከብት ነው፤ የመጨረሻዋ በ1627 ፖላንድ ውስጥ፣ ያክቶሩፍ ደን ሞተች። ጎሽ የዚያ ዘመድ እንጂ ዘር አይደለም፤ ለማዳም ሆኖ አያውቅም። ዝምድናው ግን በሽታን ለመጋራት በቂ ነው።

ሒሳባችን ክብደቱ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። አንድ ክፉ ዓመት ከመቶ ቢራቢሮ ዘጠናውን ቢገድል፣ የቀሩት አስሩ ጥሩ ዝናብ ካገኙ በአንድ ወቅት ይተካሉ። ከመቶ ጎሽ ዘጠናው ቢሞት የቀሩት አስር ወደ መቶ ለመመለስ አሥርተ ዓመታት ያስፈልጋቸዋል፤ ያውም የሚነካቸው ካልኖረ። ከክፉ ቀን በኋላ ግን ጠመንጃ በዛ፣ እርሻም ሰፋ።

ጎሽን ለረጅም ጊዜ የጠበቀችው አንዲት ዝንብ ነበረች ብል ማጋነን አይደለም። ፄፄ ዝንብ የምታስተላልፈው የገንዲ በሽታ የቤት ከብትን ይገድላል፤ ጎሽ ግን ተሸክሞት ይኖራል። ዝንቧ ባለችበት ቆላ አርቢና አራሽ በቀላሉ አይሰፍርም፤ ሣሩና ወንዙ ለጎሽ ይቀራል። ዛሬ ጎሽ የሚገኝባቸውን ፓርኮች፣ ኦሞን፣ ማጎን፣ ጋምቤላን፣ ጨበራ ጩርጩራን በካርታ ብናይ በደቡብና በምዕራብ ቆላዎች ናቸው። ደጋውና ወይና ደጋው፣ ጋይንትን ጨምሮ፣ ከጥንት ጀምሮ የማረሻ አገር ነው። ማረሻ የገባበት ቦታ ለጎሽ አይሆንም፤ በየቀኑ ውኃ መጠጣት ስላለበት ከወንዝ መራቅ አይችልም፣ ሰውም የሚሰፍረው እዚያው ወንዙ ዳር ነውና። የደስታ በሽታ መጨረሻም ከጎሽ ላይ ነው የተገኘው፤ በዓለም በምርመራ የተረጋገጠው የመጨረሻ አጋጣሚ በ2001 በኬንያ ሜሩ ፓርክ፣ ጎሽ ላይ ነበር። በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ክትባቱን በማምረት የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ድርሻ ነበረው፤ ይህን የሠሩ ባለሙያዎች ላሙን ብቻ ሳይሆን ጎሹንም አድነዋል።

ቢራቢሮዋስ ማረሻን ትፈራለች? በጣም አትፈራም። እንዲያውም የምትወዳቸው አረሞች ሰው የነካው መሬት ላይ ይበዛሉ፤ ልት በየጓሮው፣ ኮሸሽላ በየድንበሩና በየመንገዱ ዳር። ጎሽን ያባረረው እርሻ ለእሷ ቤት ሠራላት። የእሷ ስጋት ሌላ ነው። ጎሽ አንድ ሰፊ፣ ያልተቆራረጠ አገር ለረጅም ዘመን ይፈልጋል፤ እሷ ብዙ ትናንሽ ቦታዎችን፣ እያንዳንዱን ለአንድ ወር፣ ግን በተራቸው። ከቦታዎቹ አንዱ በወሩ ካልለመለመ ቀጣዩ ትውልድ ይሳሳል። በ2021 የወጣ ጥናት በአውሮፓ በጋ የምትታየው ቢራቢሮ ብዛት ከወራት በፊት ከሰሃራ በታች ካለው ልምላሜ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ስለዚህ ድንበሩ ሁሉ ሲታረስና አረሙ ሁሉ በመድኃኒት ሲረጭ ጉዳቱ እዚያው ማሳ ላይ አይቀርም። የእስቴ ወይም የስማዳ ገበሬ አረሙን ማረም አለበት፤ ጤፉ እንጀራው ነው። ከማሳው ውጭ፣ ከካቡ ሥርና ከገደሉ አፋፍ ያለው ኮሸሽላ ግን ጤፉን አይሻማም፤ እሱን መተው ምንም አያስከፍልም።

የጎሹ ግን ያስከፍላል። ዘንድሮ በጨበራ ጩርጩራ የተወለደች ሴት ጥጃ የመጀመሪያዋን እስክትወልድ አምስት ዓመት ያህል ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ቢራቢሮዋ እስከ ሃምሳ ትውልድ ልትተካ ትችላለች። በእነዚያ አምስት ዓመታት የፓርኩ ጠባቂ ደመወዝ ሳይቋረጥ መከፈል አለበት፣ የአካባቢው አርቢ ከብቱን ከጎሽ አጠገብ ሲያሰማራ አፍተግር እንዳይዛመት ክትባት ማግኘት አለበት፣ የወንዙ ዳር ሣርም ሳይታረስ መቆየት አለበት። ያ ሁሉ ተሟልቶ፣ ጥጃዋም ከአንበሳና ከጥይት ተርፋ፣ የሚገኘው አንድ ጥጃ ነው።